«ደብዳቤዎቼ እሱ ላፕቶፕ ውስጥ ቀሩ!»

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቅናት፣ ስለ ቤት ኪራይና «እናቴ እጮኛዬን አልወደደቻትም» ስለሚለው የዘወትር ጣጣ ነበሩ። የዛሬው ግን ለየት ይላል። መጀመሪያ ሳነበው የፍቅር መስሎኝ ነበር፤ ወረድ ስል የኮምፒውተር ሆነ፤ ጨርሼ ሳስቀምጠው ሁለቱም መሆኑ ገባኝ። ጸሐፊዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። ስሟንም፣ ግቢዋንም፣ የልጁንም ስም ትቼዋለሁ። ረዘም ስለሚል አሳጠርኩት እንጂ ቃሉ የራሷ ነው።

«ውድ አዘጋጅ፣ በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ። ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ከአንድ የዲፓርትመንታችን ልጅ ጋር ለሁለት ዓመት ያህል ፍቅረኛሞች ነበርን። የራሴ ኮምፒውተር ስላልነበረኝ አሳይመንቱንም የመመረቂያ ጽሑፌንም የምሠራው በሱ ላፕቶፕ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሰጠን ኢሜይል አለ። አድቫይዘሬ እርማት የሚልክልኝ በዚያ ነው፤ ለውጭ አገር ማስተርስ ስኮላርሺፕ ያመለከትኩትም በዚያው ነው። የሆነ ጊዜ ላይ ሳጥኔ እንደሞላና ካላቃለልኩት አዲስ ደብዳቤ እንደማልቀበል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይመጣብኝ ጀመር። ለሱ ስነግረው ‹ቀላል ነው፤ እኔ ላፕቶፕ ላይ ተንደርበርድ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በሱ አወርድልሽና ይቀልልሻል› አለኝ። ፓስወርዴን ሰጠሁት። እውነትም ቀለለ። ኧረ እንዲያውም ባዶ ሆነ! በስልኬ ስከፍተው አንድም የድሮ ደብዳቤ የለም። ‹አትጨነቂ፣ ሁሉም እኔ ጋ አለ› አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩ።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ተለያየን። በምን እንደተለያየን አልነግርህም፤ ብቻ በሰላም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አድቫይዘሬ ‹ትናንት ላኩልሽ› ይለኛል፤ እኔ ስከፍት ምንም የለም። የስኮላርሺፑ ቢሮ ተጨማሪ ዶክመንት እንድንልክ መጻፉን የሰማሁት አብራኝ ካመለከተች ጓደኛዬ ነው፤ ለሷ የደረሳት ለኔ አልደረሰኝም። ለካ የሚመጣልኝ ሁሉ አሁንም እየሄደ ያለው እሱ ላፕቶፕ ላይ ነው! ደውዬ ስጠይቀው ‹እኔ ምንም አልነካሁም› አለኝ። ወንድሜ አሁን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶልኛል። የሄዱትን እንዴት ላስመልስ? በራሴ ኮምፒውተርስ እንዴት አድርጌ ልክፈተው? ከእንግዲህ ሰው እንዲነካብኝ አልፈልግም። ጨንቆኛል።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው። ልጁ ላፕቶፑን ካላጸዳው ወይም ካልሸጠው በቀር ደብዳቤዎችሽ አልጠፉም፤ አንድ ፋይል ውስጥ ተጠቅጥቀው ተቀምጠዋል። ሌላው ደግሞ፣ ላይዋጥልሽ ይችላል እንጂ፣ ልጁ «ምንም አልነካሁም» ያለሽ ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ተንደርበርድ ክፍት በሆነ ቁጥር ማንም ሳያዘው በየ10 ደቂቃው አዲስ ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ካለም ያወርደዋል። ልጁ ኳስ እያየም፣ ሳንቡሳ እየበላም ቢሆን ፕሮግራሙ ሥራውን ይሠራል። ይህን ስል ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ፕሮግራሙ ማውረዱ አንድ ነገር ነው፤ የወረደውን አይቶ ዝም ማለቱ ሌላ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የሆነውን ነገር እንረዳው። ኢሜይል ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚመጣባቸው የታወቁ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ ፖፕ፣ ሌላው አይማፕ ይባላል። ፖስታ ሳጥን ያላችሁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ቁልፍ ይዞ የሄደ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ያለውን ሁሉ በፌስታል ጠራርጎ ቤቱ ይወስዳል። ከኋላው የመጣ ሰው ሌላ ቁልፍ ቢኖረው እንኳ የሚያገኘው ባዶ ሳጥን ነው። ፖፕ ማለት ይሄ ነው። አይማፕ ሲሆን ግን ደብዳቤው ከሳጥኑ አይወጣም፤ አንቺ ቤት ያለው ግልባጩ ነው። ላፕቶፕሽ ላይ ያነበብሽው ስልክሽም ላይ እንደተነበበ ይታያል። ላፕቶፕሽ ላይ የሰረዝሽው ስልክሽም ላይ ይሰረዛል።

ፖፕ ክፉ ሆኖ አይደለም። የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በስልክ መስመር እየደወለ ለሚገናኝ ሰው ደግሞ ግሩም ነበር፤ ይደውላል፣ ጠራርጎ ያወርዳል፣ መስመሩን ዘግቶ በእርጋታ ያነባል። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተርኔት ሲጀመር ቢፕ ቢፕ እያለ በስልክ መስመር እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። አይማፕን በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ማርክ ክሪስፒን የሚባል ሰው ሲሆን፣ ሐሳቡም አንድ ሰው ከየትኛውም ኮምፒውተር ሆኖ ያንኑ አንድ ሳጥን እንዲያይ ነው። ስልክም ላፕቶፕም ላለው ለዛሬ ተማሪ የሚሆነው ይኸኛው ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ የፖስታ ቤት ምሳሌ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ስቲቭ ዶርነር የተባለ የአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ በ1988 «ዩዶራ» የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ሲሠራ፣ ስሙን የወሰደው ዩዶራ ዌልቲ ከምትባለው ደራሲ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሴትዮዋ በ1941 ከቤተሰቦቿ ተጣልታ ፖስታ ቤት ውስጥ መኖር ስለጀመረች ሴት አጭር ልብ ወለድ ጽፋ ነበርና። ኢሜይል ከጠብ ጋር የተዛመደው ያኔ ነው ማለት ነው!

እንግዲህ ያንቺ ልጅ የመረጠው ፖፕን ነው። ፖፕ ውስጥ ደግሞ ወርዶ የተወሰደው ደብዳቤ ሰርቨሩ ላይም ግልባጩ እንዲቆይ የምታደርግ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች። ቦታ ላስለቅቅላት ብሎ እሷን አንስቷታል። የዚያን ዕለት ተንኮል አስቦ ነው አልልም፤ ሳጥኑም የሞላው በምክንያት ነው። ጎግል ለትምህርት ተቋማት በነጻ ይሰጥ የነበረውን ገደብ የለሽ ማስቀመጫ ከ2022 ጀምሮ አስቀርቶ፣ አንድ ተቋም ከነተማሪው ከነመምህሩ በጋራ የሚካፈለው 100 ቴራባይት አደረገው። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለየተማሪው ቁና እየለኩ መስፈር ጀመሩ። ሳጥን ሲሞላ መፍትሔው ግን ሁሉን ጠራርጎ ማውጣት አይደለም፤ ከባድ ከባድ ፋይል የተያያዘባቸውን አሥርና ሃያ ደብዳቤዎች መርጦ ማንሳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው። ዛሬ ማታ፣ ይህን ጋዜጣ አጥፈሽ ሳታስቀምጪ፣ በራስሽ ስልክ ኢሜይልሽን በብራውዘር ክፈቺና ፓስወርድሽን ለውጪ። እሱ ብቻውን አይበቃም። የአካውንትሽ የደኅንነት ገጽ ላይ ከአካውንትሽ ጋር የተገናኙ ፕሮግራሞች ዝርዝር አለ፤ እዚያ ተንደርበርድ የሚል ስም ካየሽ አስወግጂው። ከሁሉም ኮምፒውተርና ስልክ ውጣ የሚለውን ትእዛዝም ስጪ። አካውንቱ ሲጠፋብሽ ማስመለሻ ተብሎ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ እይ፤ የሱ ከሆነ ያንቺን ተኪበት። ደብዳቤ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲተላለፍ የሚያደርግ መመሪያ ተሞልቶ እንደሆነም ፈትሺ። ይሄ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ከዚህ በኋላ የሚመጣልሽ ሁሉ ላንቺ ብቻ ይሆናል።

«ፓስወርዱን ብለውጥ እሱ ጋ ያሉት አይጠፉብኝም?» ብለሽ እንዳትፈሪ። በፖፕ የወረደ ደብዳቤ ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ነው፤ ፓስወርድ ሲቀየር ምንም አይሆንም። የሚያጠፋው ልጁ ራሱ አካውንትሽን ከፕሮግራሙ ላይ ሲያስወግድ ደብዳቤዎቹም አብረው ይጥፉ የሚለውን ከመረጠ ነው። ስለዚህ ስትለዋወጡ «አስወግድልኝ» ብለሽ በቁጣ እንዳትልኪበት። እሺ ብሎ በቅን ልቦና ቢያስወግደውስ?

ሌላም ተስፋ አለ። በቅርቡ የወረዱት ምናልባት ከሰርቨሩ ጨርሰው አልተሰረዙ ይሆናል። በብራውዘር ገብተሽ የተሰረዙትን ፎልደር፣ የተሰረዙትንም መመለሻ ካለ እሱን እይ። ካጣሽ የግቢያችሁ አይሲቲ ቢሮ ዘንድ ነገ ጠዋት ሂጂ። የተሰረዘ ደብዳቤ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ስለሆነ «ከፈተና በኋላ እሄዳለሁ» አይሠራም።

የድሮዎቹን ግን ከልጁ ላፕቶፕ ማምጣት ግድ ነው። አንቺ ራስሽ አትሂጂ። ሁለታችሁንም የሚያውቅ አንድ ጨዋ የጋራ ጓደኛ ፍላሽ ይዞ ይሂድ። የሚሠራውን ልንገርሽ፤ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ስጪው። ተንደርበርድ ይከፈትና «ሄልፕ» ከሚለው ስር «ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» ይገባል። እዚያ «ፕሮፋይል ፎልደር» ከሚለው ጎን መክፈቻ ቁልፍ አለ። ፎልደሩ ሲከፈት ፕሮግራሙ ራሱ ይዘጋ። «ሜይል» በሚለው ፎልደር ውስጥ የሰርቨሩን ስም የያዘ ሌላ ፎልደር ይገኛል፤ እዚያ ውስጥ «ኢንቦክስ» የሚባል፣ ከኋላው ነጥብና ምንም ቅጥያ የሌለው ትልቅ ፋይል አለ። ደብዳቤዎችሽ እሱ ናቸው። ጎኑ ያለው ተመሳሳይ ስም ያለው ትንሽ ፋይል ማውጫ ብቻ ስለሆነ እንዳትሸወዱ። እዚያ ከሌለ «ሎካል ፎልደርስ» የሚለው ውስጥ ይታይ፤ ልጁ የራሱንም ያንቺንም አንድ ላይ ቀላቅሎት ከሆነ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ተቀላቅሎ ከተገኘ ግን ፋይሉ እንዳለ አይገልበጥ፤ ያንቺዎቹ ብቻ ፕሮግራሙ ላይ በአዲስ ፎልደር ተለይተው የዚያ ፎልደር ፋይል ይገልበጥ። አንቺ የሱን ደብዳቤ ይዘሽ ከተመለስሽ ከሱ በምን ተሻልሽ?

አንዲት ማስጠንቀቂያ፦ በተለምዶ አሠራር የተዘጋጀ የቆየ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ 32 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው «ቦታ የለኝም» ይላል። ፋይሉ ከዚያ ከበለጠ ሃርድ ዲስክ ይያዝ።

አሁን ደግሞ ያንቺን ላፕቶፕ እናዘጋጅ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጥኩም፤ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይልም የለኝም። ስለዚህ ከመጽሐፍ ገልብጦ ነው እንዳትሉኝ፣ ታናሽ እህቴን ለምኜ በሷ አካውንትና በሷ ላፕቶፕ ሁለት ማታ ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ። የቡናውን ወጪ እኔ ችያለሁ።

ተንደርበርድን ከሞዚላ ከራሱ ገጽ አውርጂ፤ ከሰፈር ኮምፒውተር ቤት በፍላሽ የሚሰጥሽን አትጫኚ። ነጻ ነው። የመጀመሪያው የወጣው በ2004 ሲሆን እስካሁንም እየታደሰ ነው። «ዊንዶውስ ላይ ድሮ ሜይል የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ እሱስ?» የምትሉ ካላችሁ፣ ማይክሮሶፍት ለእሱ ድጋፉን በ2024 መጨረሻ አቁሞ ሰዉን ወደ አዲሱ አውትሉክ አዛውሯል። አውትሉክን የሚወዱ ይጠቀሙበት፤ እኔ ተንደርበርድን የመረጥኩት ደብዳቤን የራሴ ሃርድ ዲስክ ላይ በቀላሉ ማስቀመጥ ስለሚያስችለኝ ነው። ያንቺም ችግር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ሲከፈት ሦስት ነገር ይጠይቅሻል፤ ሙሉ ስም፣ የኢሜይል አድራሻ፣ ፓስወርድ። መልኩ እንደ ፕሮግራሙ ዕድሜ ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ስም ላይ ቆም በይ። እዚያ የጻፍሽው ነው አድቫይዘርሽና የስኮላርሺፑ ቢሮ የሚያዩት። የእህቴ «ቤቢ ልዕልት» ይል ነበር! እሷ በዚህ ስም ለፕሮፌሰር የመመረቂያ ርእስ ልካለች፤ ፕሮፌሰሩም በትዕግሥት መልሰዋል። ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው አድርገሽ ስምሽንና የአባትሽን ስም ጻፊ። ማመልከቻሽ ላይ ያለው ስምና እዚህ ያለው ከተለያየ ፈረንጅ ግራ ይገባዋል።

ከዚያ ፕሮግራሙ ራሱ ሰርቨሩን ፈልጎ ያመጣና አይማፕ ወይስ ፖፕ ብሎ ያቀርብልሻል። አይማፕ! ሁለቴ አልነግርሽም። ራሱ ፈልጎ ካላገኘ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል በጎግል ነው ወይስ በማይክሮሶፍት የሚለውን እወቂ፤ በብራውዘር ስትገቢ ገጹ ይነግርሻል። ለመቀበያው በር ቁጥሩ 993 ነው። ለመላኪያው 587 ወይም 465 ነው። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ሰርቨር ካለው ግን ትክክለኛውን አድራሻ የሚያውቀው አይሲቲ ቢሮው ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው። የማረጋገጫ ዘዴ ምረጪ ሲልሽ «ኦኦት 2» የሚለውን ምረጪ፤ ለመቀበያውም ለመላኪያውም። ድሮ ፓስወርድ ብቻ ጽፎ መግባት ይቻል ነበር። ጎግል በ2022 ግንቦት መጨረሻ ላይ ለግል አካውንቶች ይህን በር ዘጋ፤ የተቋማቱም ተከተለ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ከጥቅምት 1 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መዝጋት ጀመረ። በዚህ የተነሳ የቆየ መመሪያ ይዞ የሚሞክር ሰው ትክክለኛ ፓስወርዱን አሥር ጊዜ ጽፎ አሥር ጊዜ «ስህተት» ይባላል። በአዲሱ ዘዴ የዩኒቨርሲቲሽ መግቢያ ገጽ ራሱ ብቅ ይላል፤ እዚያ ትገቢያለሽ፤ ተንደርበርድ የሚሰጠው ፓስወርድሽ ሳይሆን የመግቢያ ፈቃድ ነው። ቅድም «ከዝርዝሩ አስወግጂው» ያልኩሽም ይህንኑ ፈቃድ ነው። ገጹ «የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል» ካለሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ለፕሮግራሙ አልፈቀደም ማለት ነውና አይሲቲ ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ።

እኛን ሁለት ሰዓት ያንከራተተን ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። የእህቴ አካውንት ከፓስወርዱ በተጨማሪ ስልኳ ላይ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ትጽፋለች፤ «ስህተት»። እንደገና ትጽፋለች፤ «ስህተት»። ኔትወርኩን ረገምን፤ ላፕቶፑን አጠፋን አበራን። በመጨረሻ ዓይኔ ስልኳ ላይ አረፈ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ይላል! በኛ አቆጣጠር ልክ ነው፤ እሷ ሰዓቱን በእጇ በሐበሻ አቆጣጠር ሞልታዋለች። ኮዱ ግን የሚሰላው ከሰዓቱ ነው፤ ለስልኩ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር፤ ማለትም በ6 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ኮድ ነበር የሚያወጣላት። ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርገን በሞከርን በመጀመሪያው ገባ። ስንቶቻችን ነን ስልካችንን በሐበሻ ሰዓት የሞላነው? ለሐበሻ ሰዓት ሌላ አፕ አለ፤ የስልኩን ግን ተዉት። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛሽ እንደመሆንሽ የሱንም ቀን እይ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ዓመተ ምህረቱን የሚረሳ ላፕቶፕ ብዙ ነው፤ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ደግሞ ሰርቨሩን አላምንም ብሎ አያገናኝሽም።

ከገባሽ በኋላ ፍላሹ ላይ የመጣውን ፋይል ያንቺ ተንደርበርድ ፕሮፋይል ውስጥ «ሜይል»፣ ከዚያ «ሎካል ፎልደርስ» በሚለው ውስጥ ለጥፊው። ስሙን «ኢንቦክስ» ከማለት ወደ ሌላ ቀይሪው፤ ፕሮግራሙ ግን ያን ጊዜ ዝግ ይሁን። ስትከፍቺው በግራ በኩል አዲስ ፎልደር ሆኖ ከነሙሉ ደብዳቤው ይታይሻል። ከዚያ መሐል የግድ ስልክሽም ላይ የምትፈልጊያቸውን፣ የአድቫይዘርሽን እርማትና የስኮላርሺፑን፣ እየጎተትሽ ወደ ዩኒቨርሲቲው ኢንቦክስ ብታስገቢያቸው ወደ ሰርቨሩ ተመልሰው ይወጣሉ። ሁሉንም አትመልሺ፤ ሳጥኑ መጀመሪያም የሞላው በነሱ ነው።

ለዶርም ኑሮ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲንክሮናይዜሽን» የሚለው ላይ ደብዳቤዎቹ ኮምፒውተርሽ ላይ እንዲቀመጡ ምልክት አድርጊ። ላይብረሪ ዋይፋይ ባለበት አንዴ ታወርጂያለሽ፤ ዶርም ገብተሽ ኔትወርክ ቢጠፋም መብራት ቢጠፋም ባትሪ እስካለ ድረስ ታነቢያለሽ፣ መልስ ትጽፊያለሽ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢንተርን አንድ ላይ ብትጫኚ ደብዳቤው «አውትቦክስ» ውስጥ ተራውን ይጠብቃል፤ ነገ ዋይፋይ ስታገኚ ይሄዳል። ማታ ማታ በሞባይል ፓኬጅ ከመቃጠል ያድናል።

አይማፕ ግን ጎተራ አይደለም። ሰርቨሩ ላይ የጠፋ ነገር ያንቺም ላይ ይጠፋል። ከተመረቅሽ በኋላ ዩኒቨርሲቲው አካውንቱን መቼ እንደሚዘጋ ጠይቂ፤ አንዱ ግቢ ዓመት ይታገሳል፣ ሌላው ቶሎ ይዘጋል። ከዚያ በፊት የምትፈልጊያቸውን ምረጪና በቀኝ ጠቅታ ወደ «ሎካል ፎልደርስ» ቅጂያቸውን አስቀምጪ፤ እዚያ የገባ ከሰርቨሩ ጋር ጉዳይ የለውም። ከዚያ የፕሮፋይል ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ግልባጭ አድርገሽ ወንድምሽ ቤት አኑሪ። ላፕቶፑ የጋራ ሊሆን ይችላል ብለሽ ከሠጋሽ ደግሞ «ፕራይመሪ ፓስወርድ» የሚለውን አብሪው፤ ያለሱ ፕሮግራሙን የከፈተ ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሊቀበልልሽ ይችላል። የኮምፒውተሩም የራሱ መግቢያ ፓስወርድ ይኑረው።

አሁን ወደ ልጁ። እናንተ ወጣቶች ዘንድ ፓስወርድ መለዋወጥ የፍቅር ማረጋገጫ ሆኗል አሉ። «ካመንሽኝ ስጪኝ» ይባላል፤ ያልሰጠ ሰው የሚደብቀው አለው ይባላል። እኔ አልስማማም። ካመንከኝ ደብዳቤዬን አታነብም ብዬ ነው የምመልሰው። ይህች ልጅ እንኳ ፓስወርዷን የሰጠችው ለፍቅር ሳይሆን ላፕቶፕ ስላልነበራት ነው፤ ችግሩ ግን ያው ሆነ። ልጁ ተለያይተው ሳለ የመጣላትን አይቶ «ይሄ ያንቺ ነው» ብሎ ቢያስተላልፍ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። አንተ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ አገራችን ውስጥ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚባል ሕግ አለ፤ ያለፈቃድ የሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባት በዚያ ሕግ ወንጀል ነው። ፈቃዷ ከሦስት ሳምንት በፊት አብሯት ሄዷል። እኔ ወደዚያ እንዲደረስ አልፈልግም፤ እሷም የምትፈልግ አይመስለኝም። ጓደኛችሁ ሲመጣ ላፕቶፕህን ክፈትለት።

እህቴ፣ ፍላሹን እስክታገኚ ግን ስኮላርሺፑ አይጠብቅሽም። ፓስወርድሽን ለውጠሽ እንደጨረስሽ፣ በዚያው ምሽት ለቢሮው በአጭሩ ጻፊ፦ በኢሜይል ችግር ምክንያት በቅርቡ የላካችሁልኝ ደብዳቤ አልደረሰኝም፣ ተጨማሪ ዶክመንት መጠየቃችሁን ከሌላ አመልካች ሰምቻለሁ፣ እባካችሁ ድጋሚ ላኩልኝ። ሙሉ ስምሽንና የማመልከቻ ቁጥርሽን ጨምሪ። ስለ ልጁ አንዲት ቃል አትጻፊ። የግል ኢሜይልሽንም እንደ ሁለተኛ አድራሻ ስጫቸው። ጓደኛሽ የደረሳትን ደብዳቤ እንድታሳይሽ ጠይቂና ዶክመንቱን ከአሁኑ አዘጋጂው፤ የመጨረሻው ቀን እዚያ ላይ ተጽፏል። ለአድቫይዘርሽም እንዲሁ፤ የላከልሽን እርማት ከራሱ «ሴንት» ፎልደር ደግሞ ሊልክልሽ ይችላል፣ ለሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። የፍላሹንም ነገር።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።